ሠንጠረዡ ላይ አገር የሌለው የአበሻ ጎመን

የአንዲት የጎመን ዘር ፍሬ ክብደት 4 ሚሊግራም ገደማ ነው። ሺህ ፍሬ ተቆጥሮ ሚዛን ላይ ቢወጣ ከ4 ግራም ብዙም አይርቅም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው። እናቶቻችን ይህን ዘር ወቅጠው የጋለ ምጣድ ያስሱበታል። እንጀራው ሳይዝ የሚነሳው ከዘሩ በሚወጣው ዘይት ነው። ለአንድ ምጣድ ቁንጥር ይበቃል።

አሁን ያንኑ ዘይት አውሮፕላን ሞተር ውስጥ አስቡት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ቦይንግ 787 ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት 5 ቶን ያህል፣ ማለትም በሴኮንድ 1.7 ሊትር ነዳጅ ያቃጥላል። አንድ ሊትር የአውሮፕላን ነዳጅ ከጎመን ዘር ለማግኘት በአንድ የታወቀ ስሌት 5 ሊትር ዘይት ይጨመቃል፤ ለ5 ሊትር ዘይት ደግሞ ከ10 ኪሎ የሚያልፍ ዘር ያስፈልጋል። ተባዝቶ ሲታይ፣ ነዳጁ በሙሉ ከጎመን ዘር ቢሆን አውሮፕላኑ በእያንዳንዷ ሴኮንድ ከ4 ሚሊዮን በላይ ፍሬ ይበላል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ ሳትጨርሱ 12 ሚሊዮን ፍሬ አለቀ።

ነገሩ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ በርግጥ ተበርሮበታል። ኦክቶበር 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልከን 20 የተባለች ጄት በኦታዋ ሰማይ ላይ አበረረ። በሞተሯ የነደደው ነዳጅ ከምድር ዘይት ጋር ያልተቀላቀለ፣ 100 በመቶ ከጎመን ዘር የተሠራ ነበር። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ በ787-9 አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን 15 ሰዓት ያህል ሲበር ከነዳጁ 10 በመቶው ከዚሁ ዘር የተገኘ ነበር። የኦታዋውም የሎስ አንጀለሱም ዘር የትውልድ አገሩ አንድ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ።

8 ሲደመር 9

ሳይንቲስቶች ብራሲካ ካሪናታ የሚሉት ጎመን ዘር ትውልዱ በመደመር የሚገለጽ ተክል ነው። ሰናፍጭ 8 የክሮሞዞም ዓይነቶች አሉት፤ የጥቅል ጎመን ወገን የሆነው ደግሞ 9። ሁለቱ በተፈጥሮ ተዳቅለው የአበሻ ጎመን ከነ17ቱ ተወለደ። ይህን ዝምድና በ1935 እ.ኤ.አ. አስልቶ ያሳየው ከኮሪያዊ አባት ጃፓን ውስጥ የተወለደው ናጋሃሩ ዩ የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው።

በአገራችን ተክሉ ሁለት አገልግሎት አለው። ቅጠሉ ይበላል፤ ዘሩ ዘይት ይሆናል፣ ምጣድ ያስሳል፣ ለመድኃኒትም ይውላል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት ሲመርጠውና ሲያዳቅለው ኖሮ «የሎው ዶዶላ» እና «ሆለታ-1» የመሳሰሉ ዝርያዎችን ለገበሬው አውጥቷል። በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው የዘር ባንክም ከየደጋው የተሰበሰቡ ዝርያዎቹን በቀዝቃዛ ክፍል ያስቀምጣል።

የአውሮፕላን ሰዎች ዓይናቸውን የጣሉበት በዘይቱ ሰንሰለት ርዝመት ነው። ከጎመን ዘር ዘይት እጅግ የበዛው ኤሩሲክ አሲድ የሚባለው ሲሆን፣ ይህ ሞለኪውል 22 የካርቦን አቶሞች በተርታ የተቀጣጠሉበት ነው። ለአውሮፕላን የሚስማማው ሰንሰለት ከ8 እስከ 16 የሚደርስ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በሃይድሮጂን ኦክስጅኑን ያስወጣል፣ ረጅሙን ሰንሰለት ይቆርጣል፣ ቀጥ ያለውን ባለ ቅርንጫፍ ያደርጋል። ቅርንጫፍ ከሌለው በብርድ ይረጋል፤ ጄት ኤ-1 የሚባለው ነዳጅ ግን ከዜሮ በታች 47 ዲግሪ እስኪደርስ እንዳይረጋ ግዴታ አለበት።

ይህ የ47 ዲግሪ ግዴታ አብዛኛው ዓለም የሚስማማበት የመጀመሪያው ዓይነት ደረጃ ነው፤ የነዳጁን ጠባይ ይለካል። ቦሌ የተቀዳውና ቶኪዮ የተቀዳው ነዳጅ አንድ ካልሆነ አውሮፕላን አገር ሊያቋርጥ አይችልም። ከዘይት የሚሠራው ነዳጅ እዚህ ደረጃ ውስጥ የገባው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የተፈቀደለት ቅልቅል እስከ 50 በመቶ ነው። ሌላው ግማሽ ከምድር ዘይት የሚመጣ ነው፤ ምክንያቱም የድሮው ነዳጅ በውስጡ የያዛቸው አሮማቲክ የሚባሉ ውሁዶች በነዳጅ መስመሩ ላይ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያሳብጣሉ። ማሸጊያው ካላበጠ ነዳጅ ያንጠባጥባል።

35 ሙሌት

ነዳጁ የሚጠይቀውን የመሬት ስፋት ለመረዳት መንዝ እንውጣ። ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሣር ለበስ አምባ ነው። ውሃው በአንድ ጎን ወደ አባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጭላዳው ሣሩን ይግጣል፤ በመላው ዓለም ቁጥሩ ከ500 የማያልፈው ቀይ ቀበሮ አይጡን ያድናል። ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይፈተልበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ስፋቱ 111 ካሬ ኪሎ ሜትር ወይም 11,100 ሄክታር ነው።

አሁን ሒሳቡ። ቃንታስ በ2018ቱ በረራ ጊዜ እንዳስታወቀው፣ አንድ ሄክታር ጎመን ዘር 2,000 ሊትር ዘይት ይሰጣል። ከዚያ ውስጥ 400 ሊትሩ የአውሮፕላን ነዳጅ፣ 1,400 ሊትሩ ናፍጣ ይሆናል፤ የቀረው ተረፈ ምርት ነው። የ787-8 ታንከር ሲሞላ 126,000 ሊትር ይይዛል። ለ400 ሲካፈል 315 ሄክታር ይመጣል። አንድ አውሮፕላን አንድ ጊዜ ለመሙላት 315 ሄክታር መሬት፣ አንድ የሰብል ወቅት።

ጓሳ በሙሉ ታርሶ ጎመን ዘር ቢዘራበት፣ ያ ብርድ ባይፈቅድለትም ለሒሳቡ ያህል ይፈቀድና፣ ከዓመቱ ምርት የሚገኘው 35 ሙሌት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ140 በላይ አውሮፕላኖች አሉት። ለ400 ዓመት የተጠበቀው አምባ በሙሉ ለሩቡ አውሮፕላኖቹ አንድ አንድ ጊዜ ቢቀዳ ያልቃል። ያውም 2,000 ሊትሩ በማዳበሪያና በማሽን የታገዘ ሰፊ እርሻ የሚሰጠው ነው፤ የእኛ ገበሬ ማሳ ያን ያህል አይሰጥም።

ወደ ዓለም ስናሰፋው ደግሞ ቁጥሩ ይብሳል። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር እንደገለጸው በ2024 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም የተመረተው ዝቅተኛ ልቀት ያለው የአውሮፕላን ነዳጅ 1 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ይህም አየር መንገዶች ካቃጠሉት 0.3 በመቶው ብቻ ነው። ይህችን 0.3 በመቶ በጎመን ዘር ብቻ እንሸፍን ብንል 1.25 ቢሊዮን ሊትር ለ400 ይካፈላልና ከ3 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ በዓመት ጤፍ የሚዘራበት መሬት በጠቅላላ 3 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። የአንድ አገር ጤፍ ማሳ ሁሉ ተሰጥቶ የዓለም አውሮፕላኖች የሚበሩት አንድ ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ከዘር የተሠራ ነዳጅ ሁሉ በጅምላ «ንጹሕ ነው» ሊባል አይችልም። የትኛው መሬት ላይ፣ ምን ተነቅሎ፣ በምን ማዳበሪያ የበቀለ እንደሆነ መለየት ግድ ይላል። እዚህ ላይ ሁለተኛው ዓይነት ደረጃ ይመጣል፤ የሚለካውም የነዳጁን ታሪክ ነው።

89

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በተለመደው አጠራሩ ኢካኦ፣ 193 አባል አገሮች አሉት። እነዚህ አገሮች ኮርሲያ በተባለው የካርቦን ሥርዓታቸው የተስማሙበት መነሻ ቁጥር 89 ነው፤ ከምድር ዘይት የተገኘ የአውሮፕላን ነዳጅ ከጉድጓዱ እስከ ሞተሩ ባለው ዕድሜ በእያንዳንዱ ሜጋ ጁል ኃይል 89 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል ይላል። አንድ ሜጋ ጁል በግምት 3 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ የሚበቃ ሙቀት ነው።

የ787ቱ ታንከር 126,000 ሊትር ነዳጅ 4.35 ሚሊዮን ሜጋ ጁል ገደማ ይይዛል። በ89 ሲባዛ 387 ቶን ይሆናል። የአንድ ሙሌት ዕዳ ይህ ነው።

ማንኛውም አዲስ ነዳጅ ከ89 ግራሙ በ10 በመቶ ካላነሰ፣ ማለትም 80.1 ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ፣ በኮርሲያ ዘንድ ቦታ የለውም። የኢካኦን የነዳጆች ልቀት ሠንጠረዥ ማንበብ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ የምግብ ዘይት 13.9 ነው። የአሜሪካ አኩሪ አተር 64.9። በአሜሪካ በቆሎ ኤታኖል በኩል የሚሠራው ነዳጅ 90.8 ነው፤ ከምድር ዘይቱ ይበልጣል። ፍሳሹ ክፍት ገንዳ ላይ በሚጠራቀምበት ፋብሪካ የተመረተ የማሌዢያና የኢንዶኔዥያ የዘንባባ ዘይት 99.1 ይደርሳል። «አረንጓዴ» ተብሎ ታንከር ሙሉ ቢቀዳ 431 ቶን ዕዳ ነው። አገራችን ለወጥ ከውጭ የምታስገባው ዘይት አብዛኛው የዘንባባ መሆኑ ሲታሰብ፣ ቁጥሩ ከኩሽናችንም ሩቅ አይደለም።

ጎመን ዘርስ? እርሻው፣ ማዳበሪያው፣ የትራክተሩ ናፍጣ፣ መጓጓዣውና የፋብሪካው ሃይድሮጂን ተደምሮ 34.4 ግራም። ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ተክሉ ከአየር የወሰደው ነውና አይቆጠርበትም። ከዚያ ግን የመሬት ነገር ይታከላል፤ ለጎመን ዘር የሚታከለው ቁጥር ደግሞ ከዜሮ በታች ነው። ለብራዚል 20.4 ይቀነስለታል፤ 14.0 ይሆናል። ለአሜሪካ 21.4 ይቀነስለታል፤ 13.0 ይሆናል። ለቀረው ዓለም በጥቅል 12.7 ይቀነስለታል፤ 21.7 ይሆናል።

የሚቀነስበት ምክንያት ቀላል ነው። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ጎመን ዘር የሚዘራው ዋናው ሰብል ከተነሳ በኋላ ማሳው ባዶውን በሚከርምበት ወቅት ነው። አዲስ መሬት አይጠይቅም፣ አፈሩን ከመሸርሸር ይሸፍናል፣ በሥሩም ካርቦን ይጨምራል። ፋጉሎው ለከብት መኖ ስለሚሆን ሌላ ቦታ ለመኖ ይታረስ የነበረውን መሬት ያሳርፋል።

ሁለት ሞዴል፣ አንድ ቁጥር

የመሬቱ ቁጥር ከየት መጣ? እርሻ ላይ ሚዛን ተይዞ የተለካ አይደለም። ሁለት የኢኮኖሚ ሞዴሎች፣ አንዱ ከአሜሪካ፣ ሌላው ከኦስትሪያ የምርምር ተቋማት የወጡ፣ «ዓለም ይህን ያህል ነዳጅ ከዚህ ሰብል ቢጠይቅ የት የት አዲስ መሬት ይታረሳል?» የሚለውን ያሰላሉ። የወጣው ካርቦን በ25 ዓመት ተካፍሎ በየሜጋ ጁሉ ላይ ይጫናል።

ሁለቱ ሞዴሎች ሁልጊዜ አይስማሙም። ለዘንባባ ዘይት አንዱ 34.6 ሲል ሌላው 60.2 አለ። ልዩነቱ ከ25 ግራም በላይ ነው፤ ከመነሻው ከ89 ከሩብ የሚበልጥ። አገሮቹ በዚህ ጊዜ የሚያደርጉትን አስቀድመው ተስማምተዋል። ልዩነቱ ከ8.9 ግራም ካልበለጠ መካከለኛው ይወሰዳል። ከበለጠ ዝቅተኛው ተይዞ 4.45 ይጨመርበታል። ለዘንባባ ዘይት 34.6 ሲደመር 4.45፣ ተጠጋግቶ 39.1 ሆነ፤ በሠንጠረዡም ላይ ሰፈረ።

ይህ ማጭበርበር አይደለም። ሽማግሌ ሁለት ወገን ሲያስማማ እንደሚያደርገው ነው፤ ማንም ሙሉ በሙሉ ደስ ባይለውም ሁሉም የሚገዛበት ውሳኔ ነው። ነገር ግን የነዳጅ «ንጽሕና» የሚባለው ነገር በርሜሉ ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ እንዳልሆነ ያስረዳል። ምን ይቆጠር፣ ምን አይቆጠር፣ በስንት ዓመት ይካፈል የሚለውን የሚወስነው ጉባኤው ነው።

ጉባኤው ሲለያይ ደግሞ ቁጥሩም ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት መነሻው 89 ሳይሆን 94 ነው። አዲስ ፋብሪካ ለሚሠራው ነዳጅ የሚጠይቀው ቅነሳም 10 በመቶ ሳይሆን 65 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ጣሪያው 32.9 ግራም ላይ ይወርዳል። የመሬት ለውጥን 25 ዓመት ሳይሆን 20 ዓመት ያካፍላል፤ ሞዴሎቹ የሚያሰሉትን የተዘዋዋሪ መሬት ቁጥርም ከድምሩ አያስገባም። የአሰላል ዘዴዎቹ ስለማይመሳሰሉ ቁጥርን ከቁጥር በቀጥታ ማጋጨት ባይቻልም መጠኑን ማየት ግን ይቻላል፦ 34.4 በኢካኦ 80.1 ጣሪያ ሥር በሰፊው ይገባል፣ በአውሮፓ 32.9 ጣሪያ ግን ይገጫል። በ1.5 ግራም። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኤርፖርቶች ከሚቀርበው ነዳጅ 2 በመቶው፣ በ2030 6 በመቶው፣ በ2050 70 በመቶው ዝቅተኛ ልቀት ያለው እንዲሆን ሕግ ወጥቷል። ከፍራንክፈርት ወይም ከፓሪስ ተቀድቶለት ወደ ቦሌ የሚመለሰው የኢትዮጵያ አውሮፕላንም የዚህ ሕግ ተቋዳሽ ነው። አንድ አየር መንገድ በአንድ በረራ ሁለት ሚዛን ላይ ይቆማል።

የ2008 መስመርና የ400 ዓመት መስመር

የኮርሲያ ደረጃ አንድ የጊዜ መስመር አለው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.። ከዚያ ቀን በኋላ ከድንግል ደን፣ ከረግረግ ወይም ፒት ከሚባለው የብስባሽ አፈር ተነጥቆ ወደ እርሻ የተለወጠ መሬት ላይ የበቀለ ሰብል ለነዳጁ አይበቃም። ለአገራችን የሚገርም ቀን ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ ልማት ከተሰጠው መሬት ከፊሉ በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ወሰን ውስጥ የወደቀው በ2007 ነበር። መስመሩ ካረፈበት ቀን ወራት ሲቀሩት ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኮርሲያ መስፈርት ሁለት ጉዳይ ብቻ ነበረው፤ የልቀት ቅነሳና የመሬት ካርቦን። ከ2024 ጀምሮ ለሚመረት ነዳጅ ግን ውሃ፣ አፈር፣ አየር፣ ብዝኃ ሕይወት፣ የሠራተኛ መብት፣ የመሬትና የውሃ ባለመብትነት፣ የምግብ ዋስትና ተጨምረውበታል። ይኸኛው ዝርዝር መንዝ ውስጥ አዲስ አይመስልም።

በመንዝ ትውፊት ጓሳን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ናቸው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ርስተኛ ልጆቻቸው ቀሮ በተባለው ሥርዓት አምባውን ጠበቁት። አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመረጣል፤ ጓሳው ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ መጀመሪያ አጨዳ፣ ከዚያ ግጦሽ፣ ከዚያ እንደገና መዝጋት። የተከለለውን የደፈረ ይቀጣል። ማን ባለመብት ነው፣ ስንት ዓመት ይረፍ፣ ምን ይወሰድ የሚሉት ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ነበራቸው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ቀሮም ከሕጋዊ መሠረቱ ተናጋ። በኋላ ላይ ማኅበረሰቡ አምባውን በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ዳግም መጠበቅ ያዘ፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ኮርሲያ ከ2024 ጀምሮ የጨመረውን የ«መሬት ባለመብትነት» አንቀጽ ይህ አምባ በተግባር ከያዘው 4 መቶ ዘመን ገደማ ሆኖታል። መመሳሰሉ እንዲያው የሚያስደስት አይደለም፤ ይጠቅማል። ለነዳጅ ሲባል መሬት የሚመዘግብ ማንኛውም ሰው «ይህ መሬት ከ2008 በፊት ምን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መንዝ ውስጥ መልሱን የሚሰጥ ሰው አለ።

አንድ ኩንታል ዩሪያ

34.4 ግራሙ ውስጥ ያደፈጠ አንድ ትልቅ ነገር ማዳበሪያ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። የዓለም የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች መነሻ ስሌት፣ ከተጣለው ናይትሮጅን 1 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይበንናል ይላል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ በ100 ዓመት ውስጥ የ265 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል። ሲሰላ አንዱ ኩንታል ዩሪያ ማሳው ላይ ብቻ 190 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ክብደቱን ሁለት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

የደጋው ገበሬ ዩሪያ የሚፈልግበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ፍግ ማሳው ላይ ስለማይደርስ ነው። ዛፍ ባነሰበት በመንዝ ብርድ እበት ይጠፈጠፋል፣ ኩበት ይሆናል፣ ይነዳል። አስታና ሌላ ቁጥቋጦም ከጓሳ ይለቀማል። የምድጃው ነዳጅና የአውሮፕላኑ ነዳጅ በአንድ ማሳ ናይትሮጅን ላይ ይገናኛሉ።

ለምድጃውም ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ ምድጃዎችን ከ0 እስከ 5 ይመድባል። እርከን 1 ለመግባት ወደ ድስቱ ከሚደርሰው ኃይል በእያንዳንዱ ሜጋ ጁል የሚወጣው ደቃቅ ጭስ ከ1,030 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። እርከን 5 የሚጠይቀው 5 ሚሊግራም ነው። 206 እጥፍ ልዩነት። የኃይል ብቃቱም ከ10 በመቶ ተነስቶ 50 በመቶ ይደርሳል። ይህ ቁጥር የሕይወት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ አየር ብክለት የሞተውን ሰው 3.2 ሚሊዮን ይለዋል።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? በቤተ ሙከራው ዋናው ሥራ ድስት ውሃ ማሞቅ ነው። የኢትዮጵያ እሳት ግን አብዛኛውን ማገዶ የሚጨርሰው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ምጣድ ሥር ነው፤ ምጣድ ላይ የሚፈላ ውሃ የለም። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፋው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል የተባለው እንጀራ በመጋገር በተደረገ ሙከራ እንጂ ውሃ በማፍላት አይደለም። ውሃውም ቢሆን ጓሳ ላይ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 3,400 ሜትር ላይ 89 ዲግሪ ሲደርስ ይንተከተካል። በባሕር ጠለል የተጻፈ ሚዛን አምባ ላይ ሲወጣ ማስተካከያ ይፈልጋል።

ባዶው ረድፍ

ወደ ሠንጠረዡ እንመለስ። ለጎመን ዘር ስም የተጠራላቸው አገሮች ሁለት ናቸው፤ ብራዚልና አሜሪካ። የዘሩ አገር ኢትዮጵያ በጅምላው ረድፍ ውስጥ ናት፤ 21.7። ይህን ያመጣው ሴራ አይደለም። ሰፊ እርሻ ያላቸው አገሮች ምርታቸውን፣ ማዳበሪያቸውንና የዘር ጊዜያቸውን ለሒሳቡ አቀረቡ፤ ሒሳቡም ወጣላቸው።

ጅምላው ቁጥር ለእኛ ይጠቅመን ወይም ይጎዳን እንደሆነ በየማሳው ይለያያል። በደጋችን ጎመን ዘር የሚዘራው በክረምት ነው፤ ገብስና ስንዴ በሚዘሩበት ወቅት። የአሜሪካው 21.4 ቅናሽ የመጣው ማሳው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ስለተዘራ ነው። ገብስ አስነስቶ የተዘራ ጎመን ዘር ያ ቅናሽ አይገባውም፤ የተነሳው ገብስ ሌላ ቦታ መብቀል አለበትና። በአንጻሩ ከበልግ በኋላ ወይም ከመኸር በኋላ በቀሪ እርጥበት፣ በፍግ፣ ያለ ትራክተር የሚበቅልበት ማሳ ቢኖር ቁጥሩ ከአሜሪካውም ሊወርድ የሚችልበት መንገድ አለ። ኮርሲያ ለዚህ በሩን ክፍት አድርጓል፦ አምራች በጸደቁ የምስክር ወረቀት ሰጪዎች በኩል የራሱን ትክክለኛ ቁጥር አስልቶ፣ ከሠንጠረዡ ይልቅ እርሱን ማቅረብ ይችላል።

ለዚያ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች የሮኬት ሳይንስ አይደሉም። በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ? ስንት ኪሎ ናይትሮጅን ተጣለ? ከዘሩ በፊት ማሳው ላይ ምን ነበር፣ በዘሩ ምክንያትስ ምን ቀረ? እስከ መጭመቂያው ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ሆለታ የሙከራ ማሳ አለው፣ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የሰብል ቆጠራ ያደርጋል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በየቀበሌው አለ። የጎደለው እነዚህን በአንድ ሠንጠረዥ አሰናድቶ ጉባኤው ፊት ማስቀመጥ ነው። ምጣድ ላይ የሚደረገው ሙከራም እንዲሁ ነው፤ በሚገባ ተለክቶ ካልቀረበ ዓለም በድስት ይለካናል።

ይህ ለስም ብቻ አይደለም፤ የገንዘብም ጉዳይ ነው። በጅምላው 21.7 የተመዘነ የ787 ሙሌት 94 ቶን ካርቦን ይሸከማል፤ በ13.0 የተመዘነው 57 ቶን። አውሮፕላኑ ያው፣ ዘሩ ያው፣ ዘይቱም ያው ነው፤ 37 ቶን ገደማውን የሚያስቀረው ማሳው በስሙ ተመዝግቦ መቅረቡ ነው። አየር መንገዶች የልቀት ቅነሳ እየገዙ በሚበሩበት ዘመን እያንዳንዷ ቶን ዋጋ አላት፤ ያ ዋጋም ረድፉን ለሞላው አገር ገበሬ ሊደርስ ይችላል።